መጽሐፉን ዘግተህ ሳለው

ዱባይ፣ ጥቅምት 12

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራው ያው ሥራ ነው፣ እሱን እንተወው። ሁለት ወር ሙሉ ስልኬን ያላነሳኸው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። እማዬ የፊዚዮሎጂ ውጤትህን ስትነግረኝ ደውዬ «ለዚህ ነው ሰው አገር የምንከራተተው?» አልኩህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ይቅር በለኝ። ግን አንተም ከእኔ መደበቅ አልነበረብህም፤ እህትህ ነኝ እኮ።

ዛሬ የምጽፍልህ ለወቀሳ አይደለም። የአሠሪዬ ልጅ እንደ አንተ የጤና ተማሪ ናት። ፈተና ሲደርስ የምግብ ጠረጴዛውን በወረቀት ትሞላዋለች። አንድ ማታ ሻይ ሳቀርብላት አንዱን ወረቀት አየሁት። በአግድም ተቀምጧል፤ መሃሉ ላይ ልብ ተስሏል፤ ከልቡ እንደ ዋርካ ቅርንጫፍ መስመሮች ወጥተዋል፤ በየመስመሩ ላይ አንድ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል። «ማይንድ ማፕ፣ የሐሳብ ካርታ ይባላል» አለችኝ። ቶኒ ቡዛን የሚባል እንግሊዛዊ እንደ ፈረንጆቹ በ1974 በቢቢሲ ቴሌቪዥን ያስተዋወቀው ነው። አሥራ ሁለተኛን ሳልጨርስ ለወጣሁት ለእኔ እንኳ ገባኝ።

ርዕሱ ደም ግፊት ነበር። የእማዬ በሽታ ስለሆነ ቆሜ ቀረሁ። በአንድ ወገን መንስኤ፦ ጨው፣ ውፍረት፣ ዘር፣ የኩላሊት ሕመም። በሌላው ወገን ጉዳት፦ ልብ፣ አንጎል፣ ዓይን፣ ኩላሊት። ኩላሊት ሁለት ቦታ ሲጻፍ ተሳስታ መስሎኝ ነገርኳት። እሷ ግን ሁለቱን በወፍራም ቀስት አገናኘቻቸው። የታመመ ኩላሊት ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱ ደግሞ መልሶ ኩላሊቱን ይጎዳዋል። ሃንድአውቱን ከላይ እስከ ታች ስትሸመድድ አንዱ ገጽ ሦስት ላይ፣ ሌላው ገጽ ዘጠኝ ላይ ይቀራል፤ አይገናኙም። ልጅ ሆነህ ግቢ ውስጥ እየተንጎራደድክ ጮክ ብለህ ስትወጣው ደብተሩን ይዤ የማዳምጥህ እኔ ነበርኩ። አንድ ቃል ከጠፋህ ከመጀመሪያው ትጀምር ነበር። ፈተና ደግሞ ከመሃል ነው የሚጠይቅህ።

አንድ ነገር አደራ። መጽሐፉን ገልጠህ እያየህ ቀለም ብታሳምር ሥዕል እንጂ ጥናት አይሆንም። ልጅቷ እንደነገረችኝ እንደ ፈረንጆቹ በ2011 «ሳይንስ» በተባለ መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ ጽሑፉን እያዩ እንዲህ ያለ ካርታ ከሠሩት ይልቅ፣ አንብበው ዘግተው ያስታወሱትን የጻፉት ከሳምንት በኋላ በፈተና በልጠዋል። ስለዚህ እሷ ታነባለች፣ ትዘጋለች፣ በቃሏ ትስላለች። ከዚያ ገልጣ የረሳችውን በቀይ ትጨምራለች። ቀዩ የበዛበትን በማግስቱ እንደገና ከባዶ ወረቀት ትጀምረዋለች። ውድ ቀለም አያስፈልግህም፤ ሁለት እስክሪብቶ ይበቃሃል።

ትናንት ከላክሁት ብር የእማዬ መድኃኒት ይቅደም፤ የተረፈው ለሚጡ ሠርግ ነው። ሚጡ ሙሽራ ልትሆን! ፀጉሯን ስሠራላት እግሬ መሃል ተቀምጣ የምታንቀላፋው ልጅ። የቀሚሷ ጥልፍ ምን ዓይነት ነው? እስካሁን ማንም አልነገረኝም። ለጥር ፈቃድ ጠይቄ አልሆነልኝም። እሷ ፊት አታንሳው፣ ታለቅሳለች። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ፎቶ ስትነሱ አሞራ ገደልን ከኋላ አስገቡልኝ፤ አባ ኮዳዎቹም ይታዩ። አንዳንድ ማታ ዓይኔን ስጨፍን የዓሣው ሽታ ይመጣብኛል።

የመጀመሪያውን ካርታ ደም ግፊት ላይ ሥራው። ጨው የሚለውን ቅርንጫፍ ለእማዬ አሳያት፤ እኔን አልሰማ ብላለች። ግፊቷንም ለካና እውነተኛውን ቁጥር ጻፍልኝ፣ ለእኔ ተብሎ አይቀነስ። ከዚያ ካርታውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ቀዩ ቢበዛም አልቆጣም።

የምትወድህ እህትህ