የመጀመሪያ ዕርዳታ ክበብ፦ "እጅህን ሰብስብ" የተባባልንበት ዓመት

የክበባት ምዝገባ ዕለት እኛ ጠረጴዛ ጋ ከመጡት ልጆች ብዙዎቹ ነጭ ጋዋን የሚታደላቸው መስሏቸው ነበር። አንዷማ "ቲቸር፣ መርፌ መውጋት የምንማረው መቼ ነው?" አለችኝ። መርፌ የሚባል ነገር እንደሌለ ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። ስሟን ግን አላስሰረዘችም። አሁን የክበቡ ጸሐፊ ነች።

የክበብ ዘገባ ሲባል በስብሰባ ብዛትና በአባላት ቁጥር ይጀመራል። የመጽሔቱ አዘጋጆች አይቀየሙኝ፤ እሱ ቢሮ በተለጠፈው ሠንጠረዥ ላይ አለ። እኔ ስለ ሥራው ላውራ።

በመጀመሪያው ቀን ወረቀት አድዬ ጥቂት ጥያቄዎች ጻፍኩላቸው። ሰው ሲቃጠል ምን ታደርጋላችሁ? ሲነስረውስ? ራሱን ስቶ ሲወድቅ? መሬት ላይ ሲንፈራገጥ? መልሱ ጎረፈ። የጥርስ ሳሙና እቀባዋለሁ። ቅቤ እቀባዋለሁ። በረዶ እይዝበታለሁ። ቀና አደርገዋለሁ። ፊቱ ላይ ውሃ እደፋበታለሁ። አፉ ውስጥ ማንኪያ አስገባለሁ። "ዝም ብዬ አያለሁ" ያለ አንድም የለም። ልጆቹ ደጎች ናቸው፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሰው ሲጎዳ እጃችን አርፎ መቀመጥ አይሆንለትም። ያገኘውን ያነሳል፣ የሰማውን ያደርጋል።

ስለዚህ አንድ ደብተር አወጣንና ለሁለት ከፈልነው። በግራ "ይደረግ"፣ በቀኝ "ይቅር"። ዓመቱ ሳይጋመስ "ይቅር" የሚለው ወገን ሞልቶ ወረቀት መቀጠል ግድ ሆነብን።

የጀመርነው በቃጠሎ ነው። መደረግ ያለበት ነገር ለማመን እስኪከብድ ድረስ ቀላል ነው፦ ቀዝቀዝ ያለ የሚፈስ ውሃ፣ ለ20 ደቂቃ። እሳቱ ወይም የፈላው ውሃ ከተነሳ በኋላም ሙቀቱ ቆዳው ውስጥ ቀርቶ ወደ ታች መዝለቁን ይቀጥላል። ውሃው የሚያወጣው ያንን ነው። ቅባት ሙቀቱን አፍኖ ያስቀረዋል። የጥርስ ሳሙናው ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሲደረስ ተመልሶ መታጠብ አለበት፤ ያን ጊዜ ጩኸቱን አትጠይቁኝ። በረዶ የተጎዳውን ቆዳ በብርድ ሌላ ዙር ይጎዳዋል። ቀለበትና አምባር እብጠት ሳይመጣ ይውለቅ። ውሃ የቋጠረው አይፈንዳ፣ ቆዳው ላይ የተጣበቀ ልብስ አይጎተት።

20 ደቂቃ በወሬ ቀላል ነው። ልጆቹን ቧንቧው ጋ አሰልፌ እጃቸውን ውሃው ሥር አስደረግኳቸውና ሰዓት ያዝኩ። ገና አምስተኛው ደቂቃ ላይ "ቲቸር፣ አሁንስ በቃ" ማለት ጀመሩ። አንዱ የተጨማደዱ ጣቶቹን እያሳየኝ "ያልተቃጠልኩትን ልታቃጥሉኝ ነው እንዴ?" አለ። ቢሆንም ቆሙ። ከዚያ ወዲህ ማናቸውም "ትንሽ ውሃ ነካ አደረግኩት" አይሉም። ቃጠሎው ፊት ላይ፣ እጅ ላይ ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ወይም ከተጎጂው መዳፍ ከሰፋ፣ ውሃው ካለቀ በኋላ ቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።

ነስር የመጣው ከክፍል ክፍል የኳስ ውድድር ላይ ነው። አንድ ተከላካይ ክርን አፍንጫው ላይ አረፈበት። ሜዳው በሙሉ "ቀና በል! ቀና በል!" ብሎ ጮኸ። ጸሐፊያችን ብቻ ሮጣ ገብታ "ተቀመጥ፣ ጎንበስ በል፣ በአፍህ ተንፍስ" አለችው። ለስላሳውን የአፍንጫውን ክፍል፣ ከአጥንቱ በታች ያለውን፣ ቆንጥጣ ያዘች። ቀና ቢል ደሙ አይቆምም፤ ወደ ጉሮሮ ይወርድና ያስመልሰዋል ወይም ያንቀዋል። ሰዓቷን አስቀምጣ ለ10 ደቂቃ አልለቀቀችም። በየመሃሉ "ልቀቂውና እንየው፣ ቆሞ ይሆናል" የሚል አልጠፋም። እሷ መልስም አልሰጠችም። እየለቀቁ ማየት የረጋውን ደም መልሶ ማስነሳት ነው። ደሙ ተይዞም ቢሆን ከ30 ደቂቃ በላይ ካልቆመ ጉዳዩ የሐኪም ነው።

ለሚደማ ቁስልም ሕጉ ይኸው ነው። ጓንት አጥልቆ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ማለትና አለመልቀቅ። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ከላይ መደረብ። የተሰካ ነገር ካለ አለመንቀል፤ የተሰካው ዕቃ ራሱ ቀዳዳውን ደፍኖት ሊሆን ይችላል። ዙሪያውን ደግፎ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ስለ ስብራትና ወለምታ ብዙ አልልም። "አትሹት፣ አትጎትቱት፣ እንዳለ ደግፉት" ከሚለው ውጪ ልጆቹ የወደዱት ፋሻ ማሰር ነበር፤ ለሁለት ሳምንት በግቢው ክንዱ ያልታሰረ ተማሪ ማግኘት ብርቅ ሆኖ ነበር።

አሁን ስለ ሰልፉ ጠዋት ልንገራችሁ። ይህን የምጽፈው ልጁም ወላጆቹም ፈቅደውልኝ ነው። ሰልፍ ላይ እያለን አንድ ተማሪ ወድቆ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከአባሎቻችን አንዱ ሹራቡን አጥፎ ከራሱ ሥር አደረገለት። ሌላዋ ሰዓቷን አየች። ሁለቱ ጀርባቸውን ለልጁ ሰጥተው ሰውን ወደ ኋላ መለሱ። በመሃል አንድ ትልቅ ሰው ቁልፍ ይዘው "ምላሱን እንዳይውጥ" እያሉ ደረሱ። የዘጠነኛ ክፍሉ አባላችን እጁን ዘርግቶ "ይቅርታ ጋሼ፣ አፉ ውስጥ ምንም አይገባም። ምላስ አይዋጥም" አላቸው። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። እሳቸውም ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ጥርስ ይሰብራል፣ ትንፋሽ ይዘጋል፤ እጅና እግርን ጨቁኖ መያዝም ጡንቻና መገጣጠሚያ ይጎዳል እንጂ መንቀጥቀጡን አያቆመውም።

ሰዓት የማየቱ ነገር ለጌጥ አይደለም። እንዲህ ዓይነቱ መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ያቆማል። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ በላይ በላዩ ከተደጋገመ፣ ወይም ለሰውየው የመጀመሪያው ከሆነ አምቡላንስ ይጠራል። የልጁ ሁለት ደቂቃ ግድም ላይ ቆመ። በጎኑ አስተኙት፤ ምራቁ ወደ ውጪ እንዲወርድ፣ የትንፋሽ መንገዱም ክፍት እንዲሆን። ከዚያ ጸሐፊያችን ማንም ያላስተማራትን አደረገች። የልጁ ሱሪ መርጠቡን አየችና ሳትናገር የራሷን ጃኬት ወገቡ ላይ ጣል አደረገችለት። ሲነቃ ግራ ገብቶት ነበር። አጠገቡ ተቀምጣ የት እንዳለ፣ ምን እንደሆነ ቀስ ብላ ነገረችው። ውሃ እንኳ አልሰጠችውም፤ በደንብ እስኪነቃ ድረስ አይሰጥም።

ያን ቀን ከባዱ ሥራ የእነዚያ ጀርባቸውን የሰጡት ሁለት ልጆች ነው እላለሁ። ከበው የሚያዩ፣ ስልክ አውጥተው የሚቀርጹ፣ ከአራት አቅጣጫ ትዕዛዝ የሚሰጡ ሰዎችን መመለስ ከፋሻ ይከብዳል። በሁለተኛው መንፈቅ ይህንኑ ለብቻው አለማመድናቸው። አንዱ ተጎጂ ይሆናል፣ ግማሾቹ ግርግር ይፈጥራሉ። ግርግር ፈጣሪዎቹ ሥራቸውን ከልባቸው ነበር የሚሠሩት።

ከአባላቱ አንዷ የስኳር ሕመም አለባት። ስለራሷ ልናገር ብላ ራሷ ጠየቀች። ስኳሯ ሲወርድ እጇ እንደሚንቀጠቀጥ፣ እንደሚያልባት፣ ነገር ነገር እንደሚላት ነገረችን። "ያለ ነገር ከተቆጣኋችሁ አትቀየሙኝ፣ ስኳር ስጡኝ" ስትል ክፍሉ ሳቀ። ቁም ነገሩ ግን ገባቸው። ነቅታ መዋጥ ከቻለች ከ15 እስከ 20 ግራም ስኳር፣ ማለትም በውሃ የተበጠበጠ አራት የሻይ ማንኪያ ያህል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላት መድገም። ራሷን ከሳተች አፏ ውስጥ ምንም አይገባም፤ በጎን ማስተኛትና አምቡላንስ መጥራት ነው።

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ እጅ ስለመሰብሰብ ነው። አንድ ቦታ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያን የተማርነው አሻንጉሊቷ የመጣች ሳምንት ነው። በውሰት ያገኘናት የደረት መጫኛ መለማመጃ ነች። መልኳ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1960 አስሙንድ ላርዳል የሚባል ኖርዌያዊ የአሻንጉሊት አምራች ሲሠራት ፊቷን የቀዳው ፓሪስ ውስጥ ሴን ወንዝ ላይ ሞታ ተገኘች ከሚባል የማትታወቅ ወጣት የፊት ቅርጽ ነው። ይህን ስነግራቸው ሲያሾፉባት የነበሩት ሁሉ ዝም አሉ።

ልቡ የቆመ ሰው ደም ወደ አንጎሉ አይደርስም። ጥቂት ደቂቃዎች ካለፉ አንጎሉ መጎዳት ይጀምራል። ሰውየው ሲጠሩት የማይመልስ ከሆነና ትንፋሹ ትክክል ካልሆነ አምቡላንስ አስጠርቶ ወዲያው ደረቱን መጫን ነው። አልፎ አልፎ የሚመጣ ማቃሰት የሚመስል ትንፋሽ ትንፋሽ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚታለለው በእሱ ነው። ደረት መሃል ላይ፣ ክንድን ቀጥ አድርጎ፣ ለትልቅ ሰው ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። የሠለጠነ ሰው 30 ጊዜ ጫን አድርጎ 2 ትንፋሽ ይሰጣል። ትንፋሽ መስጠት ያልቻለ መጫኑን ብቻ ሳያቋርጥ ይቀጥል።

ፍጥነቱ አልያዝ ሲላቸው የሙዚቃ ክበብን ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ተዋስንና 110 ላይ አስቀመጥነው። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። መጀመሪያ የወጣው የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ረጅሙ ልጅ ነው፤ ጉራው ሌላ ነበር። አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ግንባሩ ላይ ላብ ቸፈፈ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ክንዱ መታጠፍ ጀመረ፤ የአሻንጉሊቷ ደረትም እንደ መጀመሪያው አልወረደም። በየ2 ደቂቃው ሰው ይቀያየር የሚባለው ለዚህ ነው። ከእሱ ቀጥላ የገባችው ቀጭን የስምንተኛ ክፍል ልጅ ትከሻዋን ከእጇ በላይ አድርጋ ክብደቷን ሁሉ ስታሳርፍበት ይበልጥ ተሳካላት። "ጎድኑን ብሰብረውስ?" ብላ ጠየቀች። ሊሰበር ይችላል፤ የተሰበረ ጎድን ይድናል። እዚህ ላይ "ይቅር" የሚለው ወገን አይሠራም። ዓመቱን ሙሉ እጅ ሰብስቡ ያልኳቸውን ልጆች አሁን አትፍሩ፣ ግቡበት ማለት ነበረብኝ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ነው ክበቡ ዓመቱን ሙሉ የለፋበት።

ለታነቀ ሰውም መጀመሪያ መመልከት ነው። የሚያስል ከሆነ ያስል፤ ሳሉ ከእኛ ምት ይበልጣል። መሳል፣ መናገርና መተንፈስ ካቃተው ጎንበስ አድርጎ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል 5 ምት፣ ካልወጣ ከኋላ አቅፎ ከእምብርት በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ መጫን። ይህን የሆድ ግፊት አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ሄምሊክ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሆዱ አይጫንም፣ ነፍሰ ጡርም እንዲሁ፤ ለእነሱ ደረት ነው። ልጆቹ እርስ በርስ ሲለማመዱ የእጁን አቀማመጥ ብቻ ነው ያሳየኋቸው። ግፊቱን ጤነኛ ሰው ላይ መሞከር ክልክል ነው።

ያልተሳካልንም አለ። ለእያንዳንዱ ፎቅ አንድ የዕርዳታ ሳጥን አስቀምጠን ነበር። ፕላስተሮቹ በሳምንት ውስጥ አለቁ። የተጎዳ ሰው ግን አላየንም፤ ደብተርና የስልክ ሽፋን ላይ ተለጥፈው ነው ያገኘናቸው። አሁን ሳጥኖቹ የፎቁ ተረኛ መምህር ጋ ናቸው። ከድሮው ሳጥን ጥጡንና አልኮሉን አውጥተናል። ጥጥ ቁስል ላይ ክር ትቶ ይጣበቃል፣ አልኮል ደግሞ ክፍት ቁስልን ያቃጥላል፣ ሥጋውንም ይጎዳል። በምትኩ ንጹሕ ውሃ፣ ጎዝ (ቁስል መሸፈኛ ስስ ጨርቅ)፣ ፋሻ፣ ጓንት፣ መቀስ አለ። ጥቂት መምህራን "አልኮል የሌለው ሳጥን ምኑ ሳጥን ነው?" ብለው አኩርፈዋል። ክበቡን ለጎበኘ ማስረዳቱን እንቀጥላለን።

ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ነገር እንፈልጋለን። የመጀመሪያው ከወላጆች ነው። በምዝገባ ቅጹ ላይ "የጤና ሁኔታ" የሚለው ሣጥን ባዶ ሆኖ ይመጣል። አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ ስኳር፣ አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ ይጻፍልን። የአስም መንፊያ ያለው ልጅ ቦርሳው ውስጥ ይያዘው፤ የሚያበቃበትን ቀንም እባካችሁ እዩት። ሁለተኛው ከተማሪዎች ነው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ማንም መመዝገብ ይችላል፤ ጸሐፊዋ ዘወትር ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ቤተ ሙከራው በር ላይ አለች። መርፌ የለም፤ እሷ ራሷ ትነግራችኋለች።