የጠፈር ውጊያው ሥዕል ጣሪያ አጥቷል፤ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የሰፈራችን ሰዎች፣ ባሕር ማዶ ያላችሁም ልጆቻችን፤

ይህ ሦስተኛ ጥሪያችን ነው። «ደግሞ መጡ» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ እኛም መለመኑ ታክቶናል። ግን የነሐሴው ዝናብ የወጣት ማዕከሉን ጣሪያ ከነሞራሌው አወረደው። ልጆቹ ሁለት ክረምት ከደከሙበት የጠፈር ውጊያ ሥዕል፣ ከ14ቱ ሸራ 5ቱ ውኃ ጠጥተው ቀለማቸው ተላጠ። 9ኙን በዚያው ሌሊት እናቶች በጋቢ እየሸፈኑ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት አሻገሯቸው። እስከ ዛሬ ከብረት ድስቶቹ ጋር ተደግፈው አሉ።

ሥዕሉን ላላያችሁ፦ የአድዋ ሥዕል ሠሪዎች ወገንን ሙሉ ፊት፣ ጠላትን በጎን ባንድ ዓይን እንደሚስሉት፣ ልጆቹም የወራሪ መርከቦቹን በጎን፣ ባንድ መስኮት ሳሏቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ በሚታይበት ከፍታ ላይ ያለችው በታኅሣሥ 2012 ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን፣ ኢቲአርኤስኤስ-1 ናት። 72 ኪሎ ነበረች፤ እዚህ ግን መርከብ ታባርራለች። «ጦርነት አልበቃንም ወይ?» ያሉን አባት ነበሩ። እውነት አላቸው። ልጆቹም ተማክረው፣ በጠላት መርከቦች ውስጥ ሰው እንዳይኖር ወሰኑ።

ገንዘብ የምትልኩት በኮሚቴው ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በማዕከሉ በርና በእድሩ ሰሌዳ ላይ ማኅተም አርፎበት ተለጥፏል።

ልጆቹን ላመላለሰው ሚኒባስ ስለከፈልነው 12,000 ብር አሁንም «ለሽርሽር ነው» ተብሎ ይወራል። ልጆቹን እንጦጦ፣ 3,200 ሜትር ላይ ወዳለው የከዋክብት ማያ ወስደናቸዋል፤ ሽርሽር አልነበረም። እዚያ ባይሄዱ ኖሮ የሚቃጠሉት መርከቦች እንደ ከሰል ምድጃ ጭሳቸው ወደ ላይ ሲወጣ ነበር የምታዩት። አየር በሌለበት ጭስ ወደ ላይ አይሄድም፤ ፍንዳታው እንደ ኳስ በየአቅጣጫው ይበተናል እንጂ። ኮከብም ብልጭ ድርግም የሚለው በእኛ አየር ምክንያት ነው። ሲመለሱ የሳሏቸውን ስድስት መርከቦች አጥፍተው እንደ አዲስ ሳሏቸው። ጥቁር ቀለም በዛ ላላችሁንም፣ ጠፈር ጥቁር ነው፤ ምን እናድርግ? ደረሰኙ ሁሉ በፋይል አለ፤ መጥታችሁ እዩ።

አሁን የሚያስፈልገው 95,000 ብር ነው፤ 60,000ው ለቆርቆሮ፣ ለሞራሌና ለአናጺ፣ 35,000ው አምስቱን ሸራ እንደገና ለመሳል። እስካሁን የገባው 22,400 ብቻ ነው። ቆርቆሮ ደግሞ በየሳምንቱ ይጨምራል። ምጽዋት ብላችሁም ሰደቃ ብላችሁም ስጡን፤ ብሩሽ የያዙት ልጆች የሁለቱም ቤት ናቸው። ብር የሌለው ቅዳሜ መዶሻ ይዞ ይምጣ፤ የደቦው ቡና ከእኛ ነው።

በድጋሚ፦ ሂሳቡ በሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ የኮሚቴው ሂሳብ ነው። በግለሰብ ስም አትላኩ። ስልክ ደውሎ ሌላ ቁጥር የሚሰጣችሁ ካለ እኛ አይደለንም። በእጅ የምትሰጡ፣ እሑድ ከእድር ስብሰባ በኋላ በሩ ላይ ተቀምጠናል፤ እባካችሁ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።

ኮሚቴው