ሰብለ፣ ዐረብኛሽን ፈልጌ ነው

ለምወድሽ እህቴ ለሰብለ፤

እንደምን ከርመሻል? እናትሽ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ዝም ያልኩሽ ረስቼሽ አይደለም። ከካርቱም ወጥተሽ በመተማ የገባሽ ጊዜ ምን ብዬ እንደማጽናናሽ ጠፋኝ፤ እያደር ደግሞ ዝምታው ራሱ አሳፈረኝ። ይቅር በይኝ። የቀረውን ስንገናኝ ትቆጪኛለሽ፤ ቁጣሽን እንደሆነ ከመዘምራን ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ያልፍልሻል።

አሁን ግን እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ልንገርሽ።

ቤተ ክርስቲያናችን ከሱዳን ለተሰደዱት እርዳታ ስታሰባስብ ቆይታለች። ውጭ አገር ያሉ አጋሮቻችንም ሰሞኑን አጎበር፣ ሳሙና፣ ጀሪካንና የሕፃናት ልብስ ላኩልን። አብሮም አዲስ ኪዳንን በሱዳን ዐረብኛ የሚያሰማ ትንሽ ማጫወቻ መጣ። በመዳፍ ይያዛል፤ ጀርባው ላይ የፀሐይ ብርሃን መቀበያ አለው፤ መብራት አይፈልግም፣ ማንበብ ለማይችልም ይሆናል። አንዱን ማታ ቤቴ ከፈትኩት። ቃሉ አልገባኝም፤ ዜማው ግን አንቺ ከካርቱሙ ሰፈርሽ ከባሕሪ ስትደውዪ ከጀርባሽ ይሰማኝ የነበረው የጎረቤቶችሽ ንግግር ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ችግሩ ከዕቃው ጋር የተላከው ደብዳቤ ነው። አጎበሩና ማጫወቻው በአንድ ከረጢት ይሰጥ፣ ተቀባዩም ሁለቱን ይዞ ፎቶ ይነሳ ይላል። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ገንዘቡን ያዋጡት ተራ ምእመናን ናቸው፤ ስጦታቸው የት እንደ ደረሰ ማየት ይፈልጋሉ። ከሽማግሌዎቻችንም ገሚሶቹ «የሰጡት እነርሱ ናቸው፣ እንዳሉት ይደረግ» ብለዋል። እኔ ግን እሺ ማለት አልሆነልኝም።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ባለፈው ስደተኞቹ ወዳሉበት ወደ ገንዳ ውኃ ወርደን ሳሙና ስናድል አንዲት እናት ተራዋ ደርሶ ተቀበለችና አልሄድ አለች። አውራ ጣቷን ወደ እኔ ዘርግታ ቆመች። ጣቷ ላይ ሌላ ቦታ የፈረመችበት ሰማያዊ ቀለም ገና አልለቀቀም። የሚፈረም ነገር እንደሌለ በምልክት ነገርኳት፤ አላመነችኝም። ጠረጴዛውን በዓይኗ ፈትሻ ወረቀት ስታጣ እጄን ያዘችና አውራ ጣቷን መዳፌ ላይ ተጫነችው። ከዚያ ሳሙናዋን ይዛ ሄደች።

ሰብለ፣ ያቺን ሴት አጎበርና ማጫወቻ በአንድ ከረጢት ብሰጣት ምን ብላ ትረዳኛለች? ለአጎበሩ መክፈያው ይህ ነው ትላለች። ያ ቆላ ነው፤ ልጆቿን ወባ እንዳይነድፍባት የምትፈራ እናት ምን እምቢ ትላለች? እነዚህ ሰዎች ኩመር የስደተኞች ጣቢያ ላይ ኮሌራ ገብቶባቸው ያውቃል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ደኅንነታችን አልተጠበቀም ብለው ከኩመርና ከአውላላ ጣቢያዎች እየወጡ መንገድ ዳር ሲሰፍሩ አንቺም ሰምተሻል። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ነገ አገራቸው ሲመለሱ ያ ፎቶ ምን መዘዝ እንደሚያመጣባቸው ላኪዎቹ የሚያውቁት ነገር የለም።

ለሽማግሌዎቹ የአቡ ሩሚን ታሪክ አነሳሁላቸው። ጎጃሜው አቡ ሩሚ ህንድ ድረስ ዞሮ ካይሮ ላይ በጠና ሲታመም የረዳው የፈረንሳዩ ቆንስላ ሰው አሴሊን ደ ሸርቪል ነበር። እንግዳው መጀመሪያ ከሕመሙ ዳነ። ከዚያ በኋላ ነው 10 ዓመት ያህል ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን በ9,539 ገጽ ወደ አማርኛ የመለሰው። ወንጌላቱ እ.ኤ.አ. በ1824 ታተሙ፤ ሚስዮናዊው ሳሙኤል ጎባት እ.ኤ.አ. በ1830 እዚሁ እኛ ከተማ ጎንደር ይዟቸው ገባ። አንዱ ሽማግሌ «ታዲያ ጎባትም መጽሐፍ አድሏል» አሉኝ። አዎ፣ አድሏል፤ ነገር ግን ጎባት ደጅ የመጡት ሊቃውንት ሊጠይቁና ሊከራከሩ የመጡ ናቸው፤ ባይስማሙ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የኛ ተሰላፊ ወዴት ይመለሳል?

የቀይ መስቀል ንቅናቄና የእርዳታ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡትን የሥነ ምግባር ደንብም ጠቀስኩ፤ እርዳታ የሃይማኖት ወይም የፖለቲካ አቋም ማራመጃ አይሁን ይላል። «እርሱ የዓለም ሰዎች ደንብ ነው» ተባልኩ። እንኪያስ ብዬ ዮሐንስ ምዕራፍ 6ን ገለጥኩ። ጌታ ሕዝቡን አበላ፤ በማግሥቱ ትምህርቱ ከበዳቸውና ብዙዎቹ ትተውት ሄዱ። የበላችሁትን መልሱ ያላቸው አለ? ያን ጊዜ ዝም አሉ።

ለአንቺ ግን የልቤን ልናዘዝ። ያቺ እናት ቃሉን ብትሰማ ደስታዬ ወሰን የለውም። በየሌሊቱ የምጸልየው ስለዚሁ ነው። ስለ ከረጢት በተከራከርኩ ቁጥር ለወንጌል ያለኝ ፍቅር የቀዘቀዘ የሚመስላቸው አሉ፤ ይህ ያመኛል። እኔ የምፈልገው የምትሰማው ወዳ እንዲሆን ነው። ጣቷን ዘርግታ እንዳትሰማው።

አሁን የተስማማነው እንዲህ ነው፦ አጎበሩና ሳሙናው በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ይታደላል፤ ፎቶ የለም። ማጫወቻው ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ፣ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። መስማት የፈለገ ይሰማል፣ መውሰድ የፈለገ ይወስዳል፣ ስም አይመዘገብም። ለላኪዎቹም ምክንያታችንን እንጽፋለን። የተቃወሙት ሽማግሌ ግን አንድ እውነት ተናገሩ፦ «ይህን ሁሉ በምን አፍ ትነግሪያቸዋለሽ?» ያለን አስተርጓሚ አንድ ወጣት ወንድም ነው፤ ሴቶቹ ከእርሱ ጋር ማውራት ያፍራሉ።

እና... እንዴት ብዬ እንደምጠይቅሽ አላውቅም። ብዕሬን አንስቼ ተመልሼ አስቀምጬ ነበር። ያ መንገድ ለአንቺ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የባሕሪው ቤትሽን፣ በዚያ መንገድ ያለፍሽበትን ሁሉ። አይሆንልኝም ካልሽ አንድ ቃል አልጨምርም፤ እንደ እህትነቴ እምልልሻለሁ። ከሆነልሽ ግን ናዪና አጠገቤ ቁሚ። ኦምዱርማን ገበያ ነጋዴውን ዋጋ አስቀንሰሽ አንቺው ቅር ብሎሽ የምትሄጂ ሴት፣ «ይህ የእናንተ ነው፣ ምንም አይጠበቅባችሁም» የሚለውን የሚያምኑት ካንቺ አፍ ሲሰሙት ነው። መምጣቱ ከከበደሽ ይህንኑ በድምፅሽ ቀርጸሽ ላኪልኝ፤ በድምፅ ማጉያ እናሰማቸዋለን። የሴት ድምፅ ይሁን ብቻ፣ የሱዳንን ለዛ የሚያውቅ።

መኪናው የሚነሳው ከአዘዞ ነው፣ በአይከል በኩል እንወርዳለን። ማደሪያሽ እኛ ቤት ነው፤ እናቴ ገና ስምሽን ሳነሳ ሽሮ ልታስፈጭ ተነስታለች። ሽማግሌዎቹ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቀኑን ይቆርጣሉ፤ ስልኬ ያው የድሮው ነው፣ ከዚያ በፊት ደውዪልኝ። ማጫወቻውንም አስቀድመሽ ብትሰሚው ደስ ይለኛልና አንዱን ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው እጅ እልክልሻለሁ።

እህትሽ አልማዝ
ከጎንደር