የላሞቻችንን ማዳቀል በተመለከተ የቅዳሜ ስብሰባ

ሰላም የማኅበራችን አባላት፣

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3:00 ሰዓት አራት ኪሎ በተለመደው ቦታችን እንገናኝ። የምንወስነው አንድ ነገር ነው፦ ማታም እሁድም የሚመጣልን አዳቃይ ባለሙያ በጋራ እንያዝ ወይስ እንደ እስካሁኑ ሁሉም በየራሱ ይጥራ?

እኔ በጋራ መያዙን እደግፋለሁ። ላም ኮርማ የምትፈልገው በአማካይ በ21 ቀን አንዴ ነው። ሌላ ላም ስትወጣባት ጸጥ ብላ የምትቆምበት ጊዜ ደግሞ ከአንድ ቀን ያነሰ ነው። እንቁላሉ የሚወጣው ይህ ምልክት ካበቃ ከ10 እስከ 14 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ጠዋት የታየባት ማታ፣ ማታ የታየባት በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል የሚባለው ለዚህ ነው። ባለሙያው ከዘገየ ሌላ ሦስት ሳምንት መቀለብ ነው፤ የመኖን ዋጋ ታውቁታላችሁ።

የእኛ ላሞች መሀል ከተማ፣ ጠባብ በረት ውስጥ ታስረው ስለሚውሉ ሲወጣጡ አናይም። ስለዚህ ንጹህ ዝልግልግ ፈሳሽ፣ መቁነጥነጥ፣ ደጋግሞ መጮህና የወተት መቀነስን ልብ በሉ። ማለዳና ምሽት በረት ብቅ ማለት አይቅር፤ ለምታሠሯቸው ልጆችም ንገሯቸው።

ስትመጡ እያንዳንዷ ላም የወለደችበትን፣ መጨረሻ ኮርማ የፈለገችበትንና የተዳቀለችበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙ። ከወለደች ሁለት ወር ያልሞላትን ለይታችሁ ጻፉ፤ ማህፀኗ እያገገመ ስለሆነ አንቸኩልባትም።

እስከ ሐሙስ ማታ መምጣት አለመምጣታችሁንና የላሞቻችሁን ቁጥር እዚሁ መልሱልኝ። የማይመቻችሁም ሐሳባችሁን ጻፉ፤ እንደ ድምፅ ይቆጠራል።