ቅዳሜ ጠዋት እንግዶቻችን የት ናቸው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ጥር የእህቴን ልጅ ዳርን። ሐረር ተወልዳ ሐረር ያደገች ልጅ ናት። ሙሽራው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ዘመዶቹ ግን ከደብረ ማርቆስም መጥተዋል። እንግዶቹ ዓርብ ገቡ። ሠርጉ እሑድ፣ መልሱ ሰኞ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት "እንዴት አደራችሁ" ልላቸው ወዳረፉበት ሆቴል ብሄድ፣ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ከቁርስ በኋላ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ተቀምጠዋል። አንዱ ወጣት ሚዜ ቀና አለና "አክስቴ፣ እዚህ ከተማ ከጅብ ሌላ የሚታይ ነገር አለ እንዴ?" አለኝ።

ልጁ ክፉ አላሰበም። እኔን ግን አንገበገበኝ። ጥፋቱ የኛ የደጋሾቹ ነው። ስንት በሬ እንደሚታረድ፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ቪዲዮውን ማን እንደሚያነሳ ሦስት ወር ሙሉ ስንመክር ከርመናል። ስለ ቅዳሜ ጠዋት ግን አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም። ሌሎች ደጋሾችም እንደኛ እንዳይሆኑ ነው ይህን የምጽፈው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመንገዱ ነው። በአውሮፕላንም በባቡርም የሚመጣ እንግዳ ድሬዳዋ ነው የሚወርደው። ከዚያ ደንገጎን ሽቅብ ወጥቶ፣ በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ አንድ ሰዓት በሚሆን ጉዞ ሐረር ይገባል። የኛዎቹ ያንን ዳገት ተኝተው ነው የወጡት። ማንም "ዞር ብላችሁ ድሬን ከላይ እዩዋት" አላላቸውም። አወዳይ ላይ ያ ሁሉ የጫት ገበያ ግርግር ሲያልፋቸው መጋረጃ ዘግተዋል። ደግሞ የድሬን ሙቀት አይተው ሐረርም እንደዚያው መስሏቸው ነበር። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የተራራ ከተማ ናት። የጥር ማታ ይበርዳል። ዓርብ ማታ የሙሽራው እህቶች እጅጌ በሌለው ቀሚስ ሲንቀጠቀጡ ነጠላ ያለበሷቸው ጎረቤቶቻችን ናቸው። "ጋቢ ያዙ" የምትል አንድ መልእክት ቀድመን መላክ አቅቶን ነው?

ያን ጠዋት "ተነሱ፣ በእግራችን እንሂድ" አልኳቸው። መታወቂያ ያለው አስጎብኚ ጠራሁ፤ ዋጋውንም እዚያው ተነጋግረን ጨረስን። የመጡት አሥራ አንድ ናቸው። የሙሽራው አያት ከሁሉም ቀድመው ዱላቸውን አንስተው ቆሙ።

ጁገል፣ ማለትም በግንብ የተከበበችው አሮጌዋ ሐረር፣ በመኪና አይታይም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ የሚከበው ስፋት 48 ሄክታር ብቻ ነው። በዚያች ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ፤ ሦስቱ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችውም በዚሁ ነው። መኪና የሚገባበትን ሐረር በር በኋላ ያስከፈቱት ራስ መኮንን ናቸው። የጥንቶቹ አምስቱ በሮች ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር ናቸው። እኛ በሸዋ በር ገባን። አንዳንዱ መንገድ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ካልተነካካ አይተላለፍም። አስጎብኚው ከነዚህ አንዷን "የእርቅ መንገድ" አላት። የተጣላ ሰው እዚያ ውስጥ ፊት ለፊት ከተገናኘ መሸሻ የለውምና ሰላም መባባሉ አይቀርም አለን።

መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስንደርስ ልጆቹ ስልካቸውን አወጡ። በሁለቱም በኩል የልብስ ስፌት መኪና ይንጫጫል፤ ሰፊዎቹ ደጅ ተቀምጠው ይሰፋሉ። አንዷ ሚዜ የቀሚሷ ጫፍ ተተርትሮባት ኖሮ እዚያው ቆማ አሰፋችው። ጊድር መገላ የሚባለው ገበያ ላይ ደግሞ ሥጋ ቤቶቹ አካባቢ ጭልፊቶች ያንዣብባሉ። "ከጅብ ሌላ ምን አለ" ያለኝ ልጅ ቁራጭ ሥጋ በእጁ ይዞ ክንዱን ዘረጋ። ወፉ ከኋላው መጥቶ ላፍ አደረገለት። ልጁ ሳያስበው ጮኸ፤ ገበያው በሙሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ያን ቀን ሌላ አሥር ጊዜ ነው ያወራው።

ሁሉንም ሰፈር አልዘረዝርም። የሐረሪ ቤትን ግን ሳልናገር አላልፍም።

ጫማችንን አውልቀን ገባን። የቤቱ እመቤት የሙሽራውን አያት እጃቸውን ይዘው ከፍ ያለው መደብ ላይ አስቀመጧቸው። መደቦቹ ነደባ ይባላሉ፤ አምስት ናቸው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ደንብ አለው። የአባወራው አሚር ነደባ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌት ነው፤ ሴቶቹ በእጃቸው የሰፉት። ወለሉ ቀይ አፈር የተቀባ ነው። ብዙዎች ቀይነቱን በ1879 ዓ.ም. የምኒልክና የሐረር አሚር ጦር ጨለንቆ ላይ ሲዋጉ ከፈሰሰው ደም ጋር ያያይዙታል። አስጎብኚው ይህን ሲነግረን ሁላችንም ዝም አልን። እመቤቲቱ ግን ቡናውን ቀድተው ለአያትዬዋ በሁለት እጃቸው አቀበሏቸው።

አያትዬዋ ከበሩ በላይ የተሰቀለውን ጥቅል ምንጣፍ አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ቤቱ ውስጥ ለትዳር የደረሰች ልጅ ስትኖር ነው የሚሰቀለው ተባሉ። ቀጥሎ ኪርተትን አሳዩዋቸው። ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሙሽሮቹ ከሠርጉ በኋላ አንድ ሳምንት እዚያ ይቀመጡ ነበር፤ ምግባቸውም እዚያው ይገባላቸው ነበር። አያትዬዋ አንገታቸውን አስገብተው ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደኔ ዞረው "ልጄ፣ ይኼ እኮ የኛ ጫጉላ ቤት ነው" አሉኝ። የራሳቸውን ሠርግ ያኔ ነው ያወሩልን። ልጆቻቸው እንኳ ሰምተውት አያውቁም ነበር። አንዱ የልጅ ልጃቸው በስልኩ ቀረጸው።

ሠርግ የመጣን ሰው ሠርግ ከሚያውቅ ቤት የበለጠ የት ይወስዱታል? እመቤቲቱ የሚያገኙት ገንዘብም ለዚያ ቤት ጥገና ይረዳል። የአፈርና የድንጋይ ቤት በየጊዜው ካልታደሰ አይቆምም።

ከዚያ ወደ ራስ ተፈሪ ቤት ሄድን። ንጉሡ ከእቴጌ መነን ጋር የጫጉላቸውን ጊዜ ያሳለፉበት ነው ይባላል። አሁን የሸሪፍ ሙዚየም ነው። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ከየቤቱ ለቅመው ያሰባሰቡት ነው ውስጡ ያለው፤ የሐረር አሚሮች ያሳተሟቸው ሳንቲሞች፣ የእጅ ጽሑፎች፣ የሙሽራ ጌጣጌጥ። የሙሽራው እህቶች ከጌጦቹ ፊት አልላቀቅ አሉ። የራምቦ ቤት እዚያው ቅርብ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ሐረር ደርሶ ነጋዴ ሆኖ ኖሯል። ቤቱን የሠራው ግን ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ራምቦም እዚያ አልኖረበትም የሚሉ አሉ። እኔ የምወደው ፎቁን ነው። ባለቀለም መስታወት አለው፤ የድሮ ሐረር ፎቶዎችም ተሰቅለዋል።

የቀረው በፍጥነት ያልቃል። ፈረስ መገላ ወደሚባለው አደባባይ ወጥተን አያትዬዋ መድኃኔዓለም ተሳለሙ። ሐላዋና ሙሸበክ የሚባሉትን ጣፋጮች ገዛን። በሰባት ሰዓት ሆቴል ተመልሰን ሁሉም ለማታው አረፈ። ጠቅላላው አራት ሰዓት አልፈጀም።

አሁን ስለ ጅቡ። ጅቡን አትዩ አልልም። ሐረር ከጅብ ጋር የኖረችበት መንገድ የትም የለም። ግንቡ ሥር ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። በአሹራ ቀን ገንፎ ተገንፍቶ ቅቤ ተደርጎበት ለጅብ ይሰጣል፤ ከበላው መጪው ዓመት መልካም ነው ተብሎ ይታመናል። ይህን ሰምቶ ማታ ሥጋ በእንጨት የሚያጎርስ ሰውና ሳይሰማ የሚያጎርስ ሰው አንድ አይደሉም። የኛን እንግዶች ዓርብ ማታ አንድ ሚኒባስ ወስዷቸው ነበር። የመኪናውን መብራት አብርቶ አሥር ደቂቃ አቆማቸውና መለሳቸው። የተጠየቁትን ዋጋ ስሰማ አፈርኩ። ቅዳሜ ማታ ጠዋት ሁሉን ነገር ካስረዳን አስጎብኚ ጋር እንደገና ሄዱ። የጅቦቹን ስም እየጠራ የሚያበላውን ሰው ቁጭ ብለው አዩ። ሚዜው ልጅ እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ አጎረሰ። ምክሬ አንድ ነው፤ የሠርጉን ልብስ ለብሳችሁ አትሂዱ።

ሰኞ ከመልስ በፊት ወይም ማክሰኞ ትርፍ ቀን ላለው ደግሞ ባቢሌ አለ። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አለፍ ሲሉ የዳካታ ሸለቆ ድንጋዮች አሉ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልሎ አሁን ወደቀ አሁን ወደቀ የሚያሰኝ። የመንገዱን ሁኔታ ጠዋት ጠይቆ መውጣት ነው። በባቢሌ የዝሆን መጠለያ ያሉትን ዝሆኖች እናሳያችኋለን ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ። መጠለያው ሰፊ ነው፤ ዝሆን በግማሽ ቀን ፈልጎ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። የባቢሌን ለውዝ ገዝቶ መመለስ ግን የማንም ዕድል ነው።

ለደጋሾች አንድ ነገር ልለምን። የሠርጉን ፕሮግራም ስታሳትሙ ከ"ምሳ ግብዣ" በላይ አንዲት መስመር ጨምሩ፦ "ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሸዋ በር፣ በእግር ጉዞ።" ከቤተሰብ አንድ ሰው መድቡ። ጫማው ጠፍጣፋ ይሁን በሉ። የሙሽሮቹን መኪኖች ደግሞ በጡሩምባ ወደ ጁገል ውስጥ አታስገቡ። መንገዱ የሕፃናት መጫወቻ ነው፤ የሚሰግድም ሰው አለ። ፎቶ የሚነሳ ሙሽራ በእግሩ ይግባ፤ ሰው ደጁ ወጥቶ እልል ይልለታል። የእህቴ ልጅ እንዲያ አድርጋ የማታውቃቸው እናቶች መርቀዋታል።

ለእናንተም ልመና አለኝ። ካርድ የሚታተመው ከታኅሣሥ ጀምሮ ነውና ይህን ደብዳቤ ከዚያ በፊት ብታወጡልኝ ብዙ ሰው ይደርሰዋል። የሙሽራው አያት ባለፈው ሳምንት ደውለው ነበር። የቤታቸውን መደብ ቀይ አፈር ሊያስቀቡ አስበው፣ አፈሩ ከየት እንደሚመጣ እመቤቲቱን እንድጠይቅላቸው አዘውኛል። ነገ ጠዋት ሄጄ እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ
የሙሽሪት አክስት፣ ከሐረር