ከአየር ማረፊያ እስከ ሊዮን፣ ያለ መኪና

ሊዮን፣ ግንቦት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፤

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? የእናታችን ጉልበት እንዴት ሆነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዛሬ የምጽፍልሽ እኔ ዘንድ ከመድረሳችሁ በፊት በመንገድ ላይ ስለምታድሩት ሁለት ሌሊት፣ ማለትም ከእናታችን ጋር ሁለቱን ልጆች ፓሪስ አጠገብ ያለውን የዲዝኒላንድ መጫወቻ ፓርክ ስለምታሳዪበት ጊዜ ነው። የሥራ ቀን ስለሆነ አብሬያችሁ አልሆንም። ስለዚህ ይህን ወረቀት ይዘሽ እንድትሄጂበት አስቤ በዝርዝር ጽፌዋለሁ። የጣቢያዎቹን ስም በፈረንሳይኛ ፊደል ለብቻው በስልክ እልክልሻለሁ፤ ሰሌዳ ላይ ስታዪው እንዲለይልሽ።

ባለቤትሽ «መኪና ቢከራዩ ለእናታችን አይቀላቸውም ወይ?» ብሏል አልሽኝ። አሳቢነቱን አመሰግናለሁ፤ ግን አይቀልም። ሌሊቱን በአውሮፕላን ተቀምጠሽ አድረሽ ጠዋት በማታውቂው አውራ ጎዳና ላይ መንዳት አደገኛ ነው። የአገራችን መንጃ ፈቃድ ዓለም አቀፍ ፈቃድ ወይም ወደ ፈረንሳይኛ የተተረጎመ ሰነድ ያስፈልገዋል። ለትንሿ የልጅ መቀመጫ ግዴታ ነው። የፓርኩ የመኪና ማቆሚያ ለአንድ ቀን ከ30 ዩሮ አያንስም፤ መኪናውን ከፓሪሱ ቻርል ደ ጎል አየር ማረፊያ ወስደሽ ሊዮን ስትመልሺው ደግሞ ሌላ ጭማሪ አለ። ይህን ሁሉ ከፍለሽም ቢሆን መኪናው ከባቡሩ ይልቅ ወደ በሩ አያቀርብሽም።

ዋናው ነገር ይኸው ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1992 ሲከፈት የከተማው ባቡር አብሮ በሩ ድረስ ደርሷል፤ በ1994 ደግሞ ፈጣኑ ባቡር፣ ቴጄቬ፣ ተጨመረ። ጣቢያው ማርን ላ ቫሌ ሼሲ ይባላል። ከጣቢያው ወጥቶ የፍተሻው በር ላይ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ በእግር ይበቃል። ከአየር ማረፊያው የሚመጣው ቴጄቬም፣ ወደ እኔ ወደ ሊዮን የሚወርደውም እዚያው ይቆማሉ። ስለዚህ ፓሪስ ከተማ ውስጥ መግባት እንኳ አያስፈልጋችሁም። ማርን ላ ቫሌ የሰፊ አካባቢ ስም ስለሆነ ግን እሱን ብቻ ማየት አይበቃም፤ «ሼሲ» የሚለው መኖሩን አረጋግጪ።

ቀኑን ጳጉሜን ላይ ያደረግሁት በምክንያት ነው። የፈረንሳይ ተማሪዎች መስከረም 1 በእነሱ አቆጣጠር፣ ማለትም ነሐሴ 26፣ ትምህርት ይጀምራሉ። የእኛዎቹ ልጆች ገና እረፍት ላይ ናቸው። ያቺ የሁለት ሳምንት ክፍተት ለሐበሻ ቤተሰብ የተሰጠች ናት፤ በሐምሌ አንድ ሰዓት ያሰልፍ የነበረው ወረፋ ያጥራል፣ የሆቴሉም ዋጋ ይወርዳል። ሰኞ ጳጉሜን 2 ትደርሳላችሁ፣ ማክሰኞ ሙሉ ቀን ፓርኩ ውስጥ ትውላላችሁ፣ ረቡዕ ግማሽ ቀን ቆይታችሁ ትነሳላችሁ፤ ዓርብ እንቁጣጣሽን ሊዮን አብረን እንውላለን። ረቡዕ የሕፃናት ትምህርት ቤቶች በብዙ ቦታ ስለሚዘጉ የአካባቢው ልጆች ይመጣሉ፤ ስለዚህ ዋናው ቀን ማክሰኞ ይሁን።

አሁን ስለ ሰዓት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቲኬት ላይ 9፡30 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። የእጅ ሰዓትሽን እንደ ደረሳችሁ ወደኋላ አንድ ሰዓት መልሺው። በደብዳቤው ውስጥ የምጠቅሰው ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር፣ የፓሪስን ጊዜ ተከትሎ ነው። የባቡር ቲኬቱን ቀን ስታነቢ መጀመሪያ ቀኑ፣ ቀጥሎ ወሩ ነው፤ 07/09 ማለት ሰኞ ጳጉሜን 2 ነው።

አውሮፕላኑ ማለዳ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ግን አትቸኩይበት። አሁን ወደ አውሮፓ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሰው ፎቶ ይነሳል፤ 12 ዓመት የሞላው አሻራም ይሰጣል። ሰልፉ ረጅም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሻንጣ አለ። ስለዚህ የቴጄቬውን ቲኬት ከማረፊያው ሰዓት ቢያንስ 3 ሰዓት አርቄ እቆርጣለሁ፤ ቲኬቱ ለዚያ ባቡር ብቻ ስለሆነ ካመለጠ ገንዘቡም አብሮ ሊቀር ይችላል። የባቡር ጣቢያው ተርሚናል 2 ውስጥ ነው። ሌላ ተርሚናል ከወረዳችሁ ተርሚናሎቹን የሚያገናኘውን ነፃ ባቡር ያዙ። ከዚያ እስከ ሼሲ 10 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከሰዓቱ ማጠር የተነሳ ቦታ ይዘሽ ሻንጣ ሳትሰቅዪ ትደርሻለሽ። የቴጄቬ በር ከመነሻው 2 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይዘጋል። ቲኬቱ ላይ የፉርጎ ቁጥርና የወንበር ቁጥር አለ፤ ፉርጎው መድረኩ ላይ የት እንደሚቆም ሰሌዳው ያሳያል። ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት እዚያ ቁሙ፤ ከእናታችን ጋር በባቡር ርዝመት መሮጥ አይቻልም።

ባቡሩ ቢያመልጥ ወይም ቢሰረዝ አትደንግጪ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከአየር ማረፊያው ወደ ዲዝኒ ሆቴሎች በቀጥታ የሚሄደው አውቶቡስ ነው፤ እንደ መንገዱ መጨናነቅ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሁለተኛው የከተማው ባቡር ነው፤ በሰማያዊው መስመር እስከ ሻትሌ ጣቢያ፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ቀዩን መስመር ይዞ እስከ መጨረሻው ጣቢያ። በጠቅላላው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ የአየር ማረፊያው ቲኬት ለአንድ ሰው 14 ዩሮ ሆኖ ቀዩንም ይጨምራል። ቀዩ መስመር ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ቫንሴን ከሚባለው ጣቢያ በኋላ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ወደ ሼሲ ሌላው ወደ ቧሲ። አንዳንዱ የእኛው አቅጣጫ ባቡር ደግሞ ሼሲ ሳይደርስ ቶርሲ ላይ ይቆማል። ከመሳፈርሽ በፊት ሰሌዳው ላይ ሼሲ መኖሩን እዪ። የቧሲው ላይ ከተሳፈራችሁ ቫንሴን ላይ ወርዳችሁ የሚቀጥለውን ጠብቁ፤ ቶርሲ ከወረዳችሁም እዚያው መድረክ ላይ መጠበቅ ነው። ሻትሌ ላይ ሰው ይበዛል፤ ስልክና ፓስፖርት በውስጥ ኪስ ይሁን፣ «ቲኬት ላውጣልሽ» እያለ ማሽኑ አጠገብ የሚጠጋን ሰው ደግሞ አመስግነሽ እለፊው።

ስለ ሻንጣ አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። አየር መንገዱ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ሻንጣ ቢፈቅድም እንዳታመጡ። ሁለት እጅ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ትልቁ ልጅ አንዱን ይገፋል እንጂ ደረጃ ላይ አይሸከምም፣ ሊፍቱም አንዳንዴ ይበላሻል። ሁለት ባለ ጎማ ሻንጣና ለእያንዳንዱ የጀርባ ቦርሳ ይበቃል። በርበሬና ሽሮ ይዘሽ መምጣት ትችያለሽ። ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ ግን አታሽጊ፤ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ የሥጋና የወተት ተዋጽኦ ጉምሩክ ይወስደዋል። ቅቤ ስላለበት ጭኮውም ይቅር። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል።

ማደሪያ። ከዲዝኒ ሆቴሎች ርካሾቹ ሳንታ ፌና ሸየን ናቸው፤ ከፓርኩ 20 ደቂቃ በእግር ይርቃሉ፣ ነፃ ማመላለሻ አውቶቡስ አላቸው፣ የሚያድርባቸው ሰው ጠዋት ከሌላው እንግዳ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይገባል። እኔ ግን የመረጥኩላችሁ አንድ ጣቢያ ወዲህ ያለውን ቫል ደሮፕን ነው። እዚያ ኩሽና ያላቸው አፓርታማ ሆቴሎች አሉ፤ ኦሻን የሚባለው ትልቅ ገበያም ከጣቢያው አጠገብ ነው። እናታችን ረቡዕ ሲጾሙ ፓርኩ ውስጥ የጾም ምግብ ፍለጋ ከሚንከራተቱ ማክሰኞ ማታ ምስርና ሩዝ ሠርታችሁ ብታሳድሩ ይሻላል። ሰኞ ምንም አታቅዱ። ገላችሁን ታጠቡ፣ ተኙ፣ ወደ ማታ ገበያ ውጡ።

በቫል ደሮፕና በሼሲ መካከል ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቢሆንም ቲኬቱ እንደ ሩቁ መንገድ 2.55 ዩሮ ነው፤ አካባቢው በሙሉ አንድ ዋጋ ሆኗል። ናቪጎ ኢዚ የሚባለውን ካርድ ከማሽኑ በ2 ዩሮ ግዢ። አንድ ካርድ ለአራት ሰው አያገለግልም፤ ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ፣ በድምሩ አራት። 10 ዓመት ያልሞላት ትንሿ ግማሽ ዋጋ ትከፍላለች፣ ትልቁ ሙሉ። ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ ሁለት፣ ረቡዕ አንድ ጉዞ አለና ለእያንዳንዱ አራት ቲኬት ሙዪ። አንዱ ጉዞ ለአራታችሁ ከ9 ዩሮ አይበልጥም። ሲገባም ሲወጣም ካርዱን በሩ ላይ ካለው ማንበቢያ ጋር ማስነካት ያስፈልጋል፤ ልጆቹ ተከልለው እንዳያልፉ፣ ተቆጣጣሪ ካገኛቸው ቅጣት አለ።

የፓርኩ ዕድሜ አቆጣጠር ከባቡሩ ይለያል፤ እዚያ ልጅ የሚባለው ከ3 እስከ 11 ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም በልጅ ዋጋ ይገባሉ። ቲኬቱ ቀን የተቆረጠለት ነው፤ የሁለት ቀን እገዛለሁ፣ በቀን ሲታሰብ ይቀንሳል። የዕድሜውን ነገር ለእኔ ተዪው፤ አንቺ ከአሁኑ የምትሠሪው የልጆቹን ቁመት ግድግዳ ላይ በሜትር መለካት ነው። ሠራተኞቹ በር ላይ ለክተው ነው የሚያስገቡት፣ ልመና አይሰማም። ቢግ ተንደር ማውንቴን የሚባለው የማዕድን ባቡር 102 ሳንቲ ሜትር ይጠይቃል፣ በጨለማ ውስጥ የሚወነጨፈው ሃይፐርስፔስ 120፣ ኢንዲያና ጆንስ 140። ከጎኑ ባለው ሁለተኛ ፓርክ ያለው የኤሊው መጫወቻ፣ ክራሽ፣ 107 ነው። አንድ ልጅ ሳይደርስ ቢቀርና አንቺ ከሌላው ጋር ብትገቢ ተራ የመቀያየር ሥርዓት ስላለ ሠራተኛውን ጠይቂ፤ አንዱ አዋቂ ሲወጣ ሌላው እንደገና ሳይሰለፍ ይገባል። ትንሿን ቀድመሽ ንገሪያት እንጂ አርባ ደቂቃ ከተሰለፈች በኋላ አትስማው።

ማክሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ45 ላይ ፍተሻው ዘንድ ድረሱ። 3 ሰዓት ተኩል ሲከፈት መጀመሪያ ፒተር ፓን፤ ትንሽ መጫወቻ ሆኖ ሰልፉ ቀኑን ሙሉ አይቀንስም። ከዚያ ቢግ ተንደር። ባቡሩ ሐይቅ ሥር በዋሻ አልፎ ደሴት ላይ ይወጣል፤ ትልቁ ልጅ የሚያስታውሰው እሱን ነው። ከ5 ሰዓት በኋላ ሰልፉ ስለሚረዝም ወረፋ የማይበዛባቸውን ተከተሉ፦ የአሻንጉሊቶቹ ጀልባ፣ የእንፋሎት መርከቧ፣ ከቤተ መንግሥቱ ሥር የተኛው ዘንዶ። ዘንዶው ሰልፍም ጭማሪም የለበትም፤ ብዙ ሰው ከላዩ ተራምዶ ሳያየው ይሄዳል። የየመጫወቻውን የሰልፍ ደቂቃ የፓርኩ መተግበሪያ ያሳያል። በገንዘብ ሰልፍ መዝለያም እዚያው ይሸጣል፤ ለአራት ሰው ሲባዛ ይከብዳልና በዚህ ወቅት አልመክርሽም።

ለእናታችን መግቢያው ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ይከራያል። «አልፈልግም» ቢሉም ውሰጂላቸው፤ ቀኑን የሚያበላሸው የጉልበት ሕመም ከቀትር በኋላ ነው የሚመጣው። ፓርኩን የሚዞር የእንፋሎት ባቡር አለ፣ አራት ቦታ ይቆማል፤ ሳይወርዱ አንድ ዙር ቢቀመጡበት ያርፋሉ፣ ሁሉንም ያያሉ። ለትንሿም ጋሪ ተከራዪ፤ አምስት ዓመቷ ቢሆንም ማታ ትተኛለች።

ቀኑ ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል ነው። ቢዘንብ እናታችን ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ፤ ልጆቹም ይረጩበት። ብርዱን ስለምፈራ ግን ቀላል የዝናብ ልብስ ያዢ፣ ጃንጥላ በሕዝብ መካከል አይመችም። ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ከሱቆቹ ጀርባ ጣሪያ ያለው መተላለፊያ አለ፤ እስከ ቤተ መንግሥቱ መዳረሻ ሳትረጥቡ ትሄዳላችሁ። ጫማ አዲስ አይሁን። ዳቦ ቆሎና ቆሎ፣ ሳንድዊችም ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ፣ የመስታወት ጠርሙስና የበረዶ ሳጥን አይገባም። የቧንቧው ውሃ ይጠጣል፤ ባዶ የፕላስቲክ የውሃ መያዣ ያዙ።

ማታ ርችቱ ሲያበቃ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ጣቢያው ይጎርፋል። መሃል ሳይሆን ወደ መውጫው ቀረብ ብላችሁ እዩና ከማለቁ ጥቂት ደቂቃ ቀድማችሁ ውጡ፤ ካልሆነ ግማሽ ሰዓት ተቀምጣችሁ ግፊያው ይለፍ።

ረቡዕ ሻንጣውን ይዛችሁ ሼሲ ኑ። ከፓርኩ መግቢያ አጠገብ በክፍያ የሚያስቀምጥ ቦታ አለ፣ የሚያስከፍለው በየዕቃው ነው፤ ሁለት ሻንጣ ያልኩሽ ለዚህም ነው። ከመግባታችሁ በፊት የሚዘጋበትን ሰዓት ጠይቂ። ሁለተኛውን ፓርክ ከክራሽ ጀምሩ፣ በቀትር በላችሁ፣ 9 ሰዓት ላይ ውጡ። ከ10 ሰዓት በኋላ የሚነሳውን የሊዮን ቴጄቬ እቆርጣለሁ፤ ጉዞው 2 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የምትወርዱት ፓር ዲዩ በሚባለው የሊዮን ጣቢያ ነው፣ መድረኩ ላይ እቆማለሁ። ዊጎ የሚባለውን ርካሽ ፈጣን ባቡር ያልመረጥኩት ትልቅ ሻንጣ ለብቻው ስለሚያስከፍልና ቀድሞ መድረስን ስለሚጠይቅ ነው። በሻንጣዎቹ ላይ ስም ጻፊ፣ ደንቡ ነው።

የሥራ ማቆም አድማ ወይም የመስመር ጥገና ካለ ከቀናት በፊት ይነገራል፤ ቅዳሜና እሑድ አይቼ እደውልልሻለሁ። ቲኬቶቹን ሁሉ ፎቶ አንሺና ስልክሽ ላይ አስቀምጪ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ እንዳትቸገሪ። የእኔን ስልክ ቁጥር በልጆቹ የእጅ አንጓ ላይ በእስክሪብቶ ጻፊ።

እስከ ሰኔ አጋማሽ የአራታችሁንም ፓስፖርት የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ ላኪልኝ፤ ቲኬቱ ላይ ስሙ ልክ እንደ ፓስፖርቱ መሆን አለበት። የልጆቹን ቁመትም አብረሽ ጻፊልኝ።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ።

ወንድምሽ