ህፃኑ ተመዘነ፣ እናትየዋስ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው እትማችሁ ስለ እናትነት ያወጣችሁትን ፅሁፍ አንብቤ ነው ይሄን የምፅፈው። እናት ማለት ሳትበላ የምታበላ፣ ሳትተኛ የምታስተኛ፣ የማይደክማት፣ የማይከፋት ምናምን ይላል። የፃፈው ሰው በቅን ልብ እንደሆነ ይገባኛል ግን እውነቴን ነው ሳነበው ደከመኝ፣ የማይደክማት እናት የት እንዳለች ባውቅ ልጆቼን ይዤ እሷ ጋ ነበር የምገባው።

እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ትንሹ ገና ጥርስ እያወጣ ነው ስለዚህ የምፅፈው እየተቆራረጠ ቢሆን ይቅርታ። ልጅሽን ገና ስታቅፊው ሁሉንም ትረሺዋለሽ ነበር የሚሉኝ፣ እኔ ምንም አልረሳሁም። በኦፕራሲዮን ስትወልጂ ማስነጠስ ራሱ እንደሚያስፈራ የነገረኝ የለም፣ የጡት ጫፍ ተሰንጥቆ እየደማ ልጅ ሲስበው ጥርስ እንደሚያስነክስ የነገረኝ የለም፣ ህፃኑ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ እምቢ እንደሚል፣ ያለምክንያት ሻወር ቤት ገብቶ ማልቀስ እንዳለ፣ ኧረ ስንቱ። ጓደኞቼ ከኔ በፊት ወልደዋል እኮ፣ በኋላ ስጠይቃቸው "ውይ እኔም እንደዛ ነበርኩ" አሉኝ፣ እና ለምን ዝም አላችሁ ስላቸው ምን ይሉኛል ብለን ነው። የቤቢ ሻወሩን ፎቶ ግን ሁላችንም ቲክቶክ ላይ አይተነዋል።

ጠያቂ ይመጣል፣ እግዜር ይስጣቸው፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይባላል፣ ገንፎው ይቀርባል፣ ህፃኑ አባቱን ነው የሚመስለው አይ አያቱን ነው እየተባለ ይዋላል። አንዷ ታዲያ ልትወጣ ስትል በር ላይ ቆማ "ጡትሽ ይበቃዋል ግን? ከሳ እኮ" ትላለች። እሷ ትሄዳለች፣ ነገሩ ግን ከኔ ጋ ያድራል። ደክሞኛል ካልሽ ደግሞ መልሱ የታወቀ ነው፣ "እኛ ሰባት ስምንት ስንወልድ ዳይፐር የለ ማሽን የለ"፣ ከዛ የባሰው "ስንቷ ልጅ አጥታ በየፀበሉ ትንከራተታለች አንቺ ታማርሪያለሽ"። ይቺን ሲሉሽ አፍሽ ይዘጋል፣ ምን ትያለሽ? ልጄን አልወደውም ያልኩ ይመስል። ማመስገንና መድከም አንድ ቤት አይገቡም ያለው ማነው ግን፣ እኔ ጋ ሁለቱም አሉ፣ አንዳንዴ በአንድ ሰዓት ውስጥ።

ስለ ድሮው ካነሳን አይቀር እሱንም በደንብ እናንሳው። የድሮ እናቶች ሰባት ስምንት ወለዱ፣ ልክ ነው፣ ግን ብቻቸውን አልነበሩማ። እናቷ ቤት ነበር የምትታረሰው፣ ወንድ ከሆነ እስከ አርባው ሴት ከሆነች እስከ ሰማንያው ክርስትና ድረስ አጥሚቱን የሚያቀርብላት፣ ገላዋን የሚያጥባት፣ ልጁን ተቀብሎ የሚያስተኛላት ሰው ነበራት፣ ሴቶቹም ቡና ላይ ሲቀመጡ የምጡንም የባሉንም ጉድ ሳይደብቁ ያወሩ ነበር ትላለች እናቴ። አራስ ብቻዋን አትተውም ተብሎ ትራስ ስር ቢላ የሚደረግ ነገር አለ አይደል፣ ስለ ቢላው ሌላ ሰው ይጠየቅልኝ፣ ብቻዋን አትተውም የሚለውን ያመጡት ሴቶች ግን የሚሰሩትን ያውቁ ነበር። እኛ ደግሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በር ዘግተን ነው የምንታረሰው፣ እናት ከክፍለ ሀገር ብትመጣ እሷም ቤት አላትና ትመለሳለች፣ አሜሪካ የወለደችው የአክስቴ ልጅማ እናቷ ቪዛ ተከልክለው በቪዲዮ ነው ያረሷት ማለት ይቻላል።

ባልስ? በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ (1156/2011) የግል ድርጅት ሰራተኛ ለሆነ አባት የሚሰጠው ፈቃድ 3 ቀን ነው፣ የመንግስት ሰራተኛ ከሆነ 10 የስራ ቀን። በ3 ቀን እኔ ገና ቀና ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም ነበር። ለእናትየዋ ከወሊድ በፊት 30 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አለ፣ ከድሮው የተሻለ ነው አልክድም፣ ግን ጤና ጣቢያ ስንሄድ እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ ውሃ እንኳ እንዳትሰጪው ይሉናል፣ ታዲያ 90 ቀን ሶስት ወር አይደል እንዴ፣ የቀረውን ሶስት ወር ማን ያጥባ? እኔ አካውንታንት ነኝ ሂሳቡ አልመጣልኝም። ቢሮ ሽንት ቤት ውስጥ ቆሜ በፓምፕ ስታለብ ውጪ ሰው በር ያንኳኳል፣ ይሄንን ነው እንግዲህ ጋዜጣ ላይ "የእናት ፅናት" የምትሉት።

ዋናው የመጣሁበት ግን ሌላ ነው። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ሆድ መባስና ማልቀስ የብዙ ሴት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። የማይለቅ ደግሞ አለ፣ ድባቴ ነው፣ ዲፕሬሽን። የአለም ጤና ድርጅት በታዳጊ አገሮች ከወለዱ ሴቶች 20 በመቶ የሚጠጉት የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፣ ዋናው ድባቴ ነው ይላል። ከአምስት አንዷ ማለት ነው፣ በየብሎኩ ቁጠሩት። እንዲህ የሆነች ሴት ልጄ ያለኔ ይሻለው ነበር እስከማለት ትደርሳለች፣ ቤተሰብ ደግሞ ተለክፋ ነው ወይ ቀብጣ ነው ይላል። ፀበሉንም ትሂድ ማንም አይከለክላትም፣ ሀኪምም ጋ ግን ትሂድ፣ የሚታከም ነገር ነው።

እና እኔን የሚያበግነኝ ምን መሰላችሁ፣ እነዚህ ሴቶች ተደብቀው አይደለም። የ45 ቀን ክትባት አለ፣ ከዛ የሁለት ወር ተኩል፣ ከዛ የሶስት ወር ተኩል። በየጊዜው ህፃኑን ይዘን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፣ ይመዘናል፣ ካርዱ ላይ ይፃፋል፣ ይወጋል፣ ቀጣይ! ዘጠኝ ወር ሆዴ ሲለካ የከረምኩ ሰውዬ ከወለድኩ በኋላ ልጅ መሸከሚያ ሆንኩ። ነርሶቹን አልወቅስም ሰልፉ ኮሪደሩን አልፎ ግቢ ደርሷል፣ ግን የወለደችን ሴት ድባቴ ለመለየት ተብሎ የተዘጋጀ 10 ጥያቄ ብቻ ያለው የኤድንብራ መጠይቅ የሚባል አለ፣ በአማርኛ ተዘጋጅቶ እዚሁ አዲስ አበባ በወለዱ እናቶች ላይ ተፈትሿል። ወረፋ እየጠበቅን ቁጭ ባልንበት ቢሰጠን እንኳ ሞልተን እንጠብቃቸዋለን፣ ማንበብ የማትችለዋን ደግሞ አንዷ ታንብብላት። ጤና ሚኒስቴር ይሄን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

እናንተም ብትሆኑ ለእናቶች ቀን ሰሞን ግጥም ከምታወጡ አንድ ገፅ ስጡን፣ ስማችንን ሳንፅፍ እንፃፍበት። እኔ ሰው አላጣም፣ ጓደኞቼ ከወዲሁ ምን ይሉኛልን ትተው ተሰልፈዋል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከጀሞ